የሙሽሮች ቤትና የሰነበተው ሚዜ

ውድ እህቴ፣ ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ አንድም ቃል ሳልዘል አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ የብዙ አዳዲስ ባለትዳሮች ጉዳይ በመሆኑ፣ ማንነትሽን ሊያሳውቅ የሚችለውን ሁሉ አስቀርቼ ፍሬ ነገሩን ለሌሎች አንባብያን በአጭሩ ላስቀምጥ። በጥር ወር ተጋባችሁ። ባለቤትሽ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አንቺ በፈረቃ የምታስተምሪ መምህርት ነሽ፤ የምትኖሩትም በኪራይ በያዛችሁት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ከሠርጋችሁ አንድ ወር ያህል በኋላ የባለቤትሽ የልጅነት ጓደኛና አንደኛ ሚዜ፣ ዲግሪውን ይዞ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ «ለአንድ ሳምንት ያህል ማስታወቂያ ልከታተል» ብሎ ከሞጣ በኩል መጣ። ያ ሳምንት ዐቢይ ጾምን አልፎ፣ ፋሲካን ተሻግሮ፣ አሁን ሰኔ ገብቷል። የትዳራችሁን የመጀመሪያ ፋሲካ ጾም የገደፋችሁት ሦስት ሆናችሁ ነው። እንግዳው ሳሎን ውስጥ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ይተኛል፤ ሳሎኑን ከመኝታ ክፍላችሁ የሚለየው ደግሞ በር ሳይሆን መጋረጃ ነው። የወጪውን ነገር ለባለቤትሽ ብታነሺለት «አንደኛ ሚዜዬን ከቤቴ አስወጥቼ በየትኛው ፊቴ ሰው ፊት እቆማለሁ?» ብሎ መለሰልሽ። አንቺም በመጨረሻ «እናቴ ልትጠይቀን ልትመጣ ነው ብዬ ሰበብ ልፍጠር፣ ወይስ ቁርጡን ራሴ ልንገረው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ከሁለቱ አንዱንም አታድርጊ። ሰበብ አትፍጠሪ፤ ቁርጡንም አንቺ አትንገሪው። ይህን ነገር ለጓደኛው መንገር ያለበት ባለቤትሽ ነው፤ እሱ አፉን ሞልቶ እንዲናገር ደግሞ አንቺ እስከ ዛሬ ያልነገርሽውን ነገር አስቀድመሽ ለእሱ መንገር ይኖርብሻል። ያልነገርሽው ነገር እንዳለ የተረዳሁት ከራስሽ ደብዳቤ ነው።

ስለ ጤፉ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ከሰሉ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ትጋግሪው የነበረው እንጀራ ሁለት ጊዜ ስለ መሆኑ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። ከዚያ በመካከሉ በአንዲት ዐረፍተ ነገር «ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ስለሆነና ለመውጣት በራስጌው ማለፍ ስላለብኝ ከመሸ ውኃ አልጠጣም» ብለሽ፣ ወዲያው ተመልሰሽ ወደ ከሰሉ ትሄጃለሽ። እህቴ፣ የደብዳቤሽ ዋና ነገር ይህች ዐረፍተ ነገር ናት። አንዲት ሙሽራ በገዛ ቤቷ ሌሊት ወደ ደጅ ላለመውጣት ስትል ጥሟን ይዛ የምታድር ከሆነ፣ ጉዳዩ ከጤፍና ከዘይት ወጪ ያለፈ ነው። ይህን ለባለቤትሽ እንዳልነገርሽው እርግጠኛ ነኝ፤ ምክንያቱም ስለ ወጪ መናገር ይቀላል፤ ስለ ሌሊቱና ስለ መጋረጃው መናገር ግን ያሳፍራል። በዚህም የተነሣ ባለቤትሽ የሰማው «እንጀራው በዛብኝ» የሚል ቃል ብቻ ነው። በእኛ አገር የእንግዳን ምግብ መቁጠር ስስት ነው፤ ለጎጃም ሰው ደግሞ «ቤታቸው እንግዳ አይወድም» ከመባል የከፋ ስም የለም። ስለዚህ እሱ የመለሰው የቤቱን ስም ለመከላከል ነው፤ የአንቺን ጭንቀት ገና አልሰማም። «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የምታደርጊው ከባለቤትሽ ጋር ከቤት ውጪ መነጋገር ነው። ከመጋረጃው ጀርባ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር የሐሜት መልክ ይይዛል፤ ሰውየው ነቅቶ እንደሆነ እያሰባችሁ የምታወሩትም ከግማሽ አያልፍም። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ መንገዱን ረዘም አድርጋችሁ በእግር ሂዱ። ያን ጊዜ ወጪውን ጨርሶ አታንሺ። ይልቁንም እንዲህ በዪው፦ «ወንድምህ ቤታችን መምጣቱን አልጠላሁም፤ እኔ ግን በገዛ ቤቴ እንደ ልቤ መሆን አልቻልኩም። ሌሊት መውጣት ስለማፍር ከመሸ ውኃ መጠጣት ትቻለሁ። ከትምህርት ቤት ደክሞኝ ስመለስ ነጠላዬን አስቀምጬ ጋደም የምልበት ቦታ የለኝም። አንተ ቢሮ እያለህ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ከእሱ ጋር ብቻዬን ነው የምውለው፤ እሱ ጨዋ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖረው፤ ጎረቤት ግን ዓይን አለው። ከአንተ ጋር ጮክ ብዬ ከሳቅሁም ሰነበትኩ።» እነዚህ ሁሉ በደብዳቤሽ ውስጥ ተበታትነው ያገኘኋቸው የራስሽ ቃላት ናቸው፤ እኔ የሠራሁት አንድ ላይ መሰብሰብ ብቻ ነው። በአንድነት ሲሰማቸው ባለቤትሽ እንደ መጀመሪያው ይመልሳል ብዬ አላምንም።

የሚቀጥለውን ለባለቤትሽ ነው የምጽፈው፤ እንዲያነበውም ስጪው።

ወንድሜ ሆይ፣ «አንደኛ ሚዜዬን እንዴት ውጣ እለዋለሁ?» ያልኸውን ሰምቻለሁ፤ አከብረዋለሁም። በአንተ ቦታ የቆመ የጎጃም ልጅ ሁሉ እንዲሁ እንደሚል አውቃለሁ። ነገር ግን ሚዜነት ምን እንደሆነ አብረን እናስብ። በወጋችን አንደኛ ሚዜ ሙሽራውን አጅቦ ከሙሽራዋ ቤት ደርሶ የሚመለስ አጃቢ ብቻ አይደለም። ሙሽራዋ ከወላጆቿ እጅ ስትወጣ ወንድም ሆኖ የሚቀበላት እሱ ነው፤ ባሏ ቢያስቀይማት መጀመሪያ «አቤት» የምትለው ለእሱ ነው፤ ትዳሩ ቢናጋ ከሽማግሌ በፊት ደርሶ የሚያስታርቀው እሱ ነው። እንግዲያውስ የዚህ ትዳር ጠባቂ ሆኖ የተሾመ ሰው ሳያውቀው ለትዳሩ ጭንቀት ሲሆን፣ ለመናገር ከሁሉ የሚቀለው ለእሱ ነው። ለዝምታህ ምክንያት አድርገህ ያቀረብኸው ሚዜነቱ፣ እኔ እንደማየው፣ ለመናገርህ ዋናው ምክንያት ነው። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ቃል ስትመርጥ ትጨነቅ ነበር፤ ወንድም ግን «እህትህ ተቸግራለች» ሲባል የሚሰማው የወንድምነት ኃላፊነቱ ነው።

የጫጉላውንም ወግ አስታውስ። ሚዜዎች ጫጉላው እስኪወጣ ድረስ ከሙሽሮቹ ጋር ይሰነብታሉ፤ ሙሽራዋን ያጫውታሉ፣ ታዛዥ ሆነው ያገለግላሉ፣ ሌሊቱን በጨዋታ ያነጋሉ። ጫጉላው ሲወጣ ግን ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ባልና ሚስቱም ቤታቸውን ለብቻቸው ይጀምራሉ። ወጉን የሠሩት አባቶቻችን የሚዜን ፍቅር ከእኛ አሳንሰው አላዩትም፤ የሁለት ሰዎች ኑሮ ለመቆም ለብቻ መሆንን እንደሚፈልግ ግን ያውቁ ነበር። መጽሐፍም በዘዳግም 24፥5 አዲስ ሚስት ያገባ ሰው ወደ ጦርነት እንዳይወጣ፣ ሌላ ሸክምም እንዳይጫንበት፣ አንድ ዓመት ሙሉ በቤቱ ተቀምጦ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ያዝዛል። ከዘመቻ እንኳ ነፃ የሚያወጣ ዓመት ነው። እናንተ ከዚያ ዓመት ገና ግማሹን አልጨረሳችሁም፤ አብዛኛው ያለፈውም በመጋረጃ ጀርባ በሹክሹክታ ነው። በሕግ በኩልም ቢሆን የቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት በቤተሰባቸው አመራር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ማን በቤታችሁ ለወራት እንደሚኖር የመወሰኑ ጉዳይ የአንተ ብቻ ሊሆን አይችልም። ይህን የማነሣው ሕግ ጠቅሳችሁ እንድትከራከሩ አይደለም፤ ሚስትህ የጠየቀችህ ነገር ውለታ እንዳልሆነ እንድታውቅ ነው።

«እንግዳን ማስወጣት ነውር ነው» የሚለው አባባልም በሙሉው አይደለም የሚነገረው። በገጠሩ ጎጃም መሸብኝ ብሎ በራፍ ላይ ለቆመ መንገደኛ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ውኃ ይቀርብለታል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ሲነጋስ? ሲነጋ በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ ይቋጠርለታል፤ አባወራው ከደጅ አልፎ እስከ መንገዱ መለያያ ይሸኘዋል፤ «በሰላም ግባ» ተባብለውም ይለያያሉ። ሽኝቱ ራሱ የመስተንግዶው ክፍል ነው፤ መቀበልን አውቆ መሸኘትን የማያውቅ ቤት የእንግዳ አቀባበሉን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። የእንግዳ ተቀባዮች አባት የምንለው አብርሃም እንኳ በመምሬ የአድባር ዛፍ ሥር የተቀበላቸውን ሦስቱን እንግዶች ጥጃ አርዶ፣ እንጎቻ አስጋግሮ ካበላ በኋላ፣ ተነሥተው ሲሄዱ ሊሸኛቸው አብሯቸው እንደ ሄደ ተጽፏል፤ ዘፍጥረት 18ን አውጥተህ ማንበብ ትችላለህ። መጽሐፈ ምሳሌም በ25፥17 እንዳይሰለችህና እንዳይጠላህ ወደ ባልንጀራህ ቤት እግርህን አታዘውትር ይላል። ልብ በል፣ ይህ የተጻፈው ለቤቱ ባለቤት ሳይሆን ለእንግዳው ነው። እንግዳም ግዴታ አለበት፤ ያ ግዴታ ሲረሳ በፍቅር የሚያስታውሰው ወዳጅ ያስፈልገዋል።

ስለ እንግዳው ልብም ትንሽ ላውራ፤ ምክንያቱም በደብዳቤው ውስጥ ስለ እሱ የተጻፈው ሁሉ የሚያሳየኝ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ሳይሆን የጨነቀው ልጅ ነው። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ የሚቀዳ፣ ሚስትህን «እህቴ» እያለ የሚጠራ፣ ምሳ ሲቀርብ «በልቻለሁ» ብሎ የሚዋሽ ሰው መክበዱን ሳያውቅ አይቀርም። ታዲያ ለምን አይሄድም? መሬት ሸጠው ወይም ከብት ሸጠው ያስተማሩት ወላጆች ያሉት ልጅ ዲግሪውን ይዞ ባዶ እጁን ወደ መንደሩ መመለስ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በየሳምንቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚለውን መስመር ሲያነብ ይውላል፤ ማታ ተመልሶ የሚገባበት ቤት የእናንተ ብቻ ነው። ሦስታችሁም አንዳችሁ ሌላውን እንዳታስቀይሙ ፈርታችሁ ዝም ብላችኋል፤ ዝምታው ግን ሦስታችሁንም እያስቀየመ ነው። እሱ ቀን ቢቆረጥለት መጀመሪያ ያፍር ይሆናል፣ ሆኖም በየማታው ፊታችሁን እያነበበ ከመኖር ይገላገላል። እኔ እስከ ዛሬ ባየኋቸው እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ሁሉ ወዳጅነትን የገደለው በጊዜ የተነገረ ቃል ሳይሆን በጊዜ ያልተነገረ ቃል ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ።

እንግዲህ አነጋገሩ። ብቻችሁን ሁኑ፤ ሚስትህ አትኑር፤ ቤት ውስጥም አይሁን። ከቤት ሲሆን እሱ ፍራሹን እያየ ነው የሚሰማህ። ጠላ ቤትም አትውሰደው፤ የሞቅታ ቃል ጠዋት ላይ ሌላ ነው። ጠዋት ሻይ ጋብዘው ወይም ወደ ሥራ ስትሄድ አብሮህ ይሂድና በመንገድ ላይ ንገረው። ነገሩን በሚስትህ ላይ አታሳብብ፤ «እሷ አስቸገረችኝ» ያልህ ዕለት ጓደኛህን ታጽናና ይሆናል፣ ሚስትህን ግን ዕድሜ ልኳን የጓደኛህ ጠላት አድርገሃታል። «እኛ» በል። እንዲህም ልትለው ትችላለህ፦

«ወንድሜ፣ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ ላንተ የምነግርህ ወንድሜ ስለሆንክ ነው። እንደምታውቀው ቤታችን ጠባብ ነው፤ እኛም ገና አዲስ ነን። እኔና እህትህ ተነጋግረን ከሐምሌ 5 በኋላ ለብቻችን መኖር እንዳለብን ወስነናል። እስከዚያ ድረስ አንድ ክፍል አብረን እንፈልጋለን፤ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ እኔና ሌሎቹ ሚዜዎች እንሸፍናለን። እሑድ እሑድ ምሳህ እኛ ጋ ነው፤ ይህ አይቀየርም። አኩርፈህ ብትሄድ ግን እኔን ነው የምትጎዳኝ።»

ሐምሌ 5ን የመረጥሁት የጾመ ሐዋርያት መፍቻ፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ስለሆነ ነው። ቀኑ በቀን መቁጠሪያ ላይ የታወቀ ነው፤ ማንም አይረሳውም፤ በዓሉን አብራችሁ ጾም ፈትታችሁ፣ ዶሮም ከተገኘ ዶሮ ሠርታችሁ፣ በማግስቱ በክብር ልትሸኙት ትችላላችሁ። ሌላ ቀን ከተስማማችሁ ችግር የለውም፤ ዋናው ነገር ቀኑ በስሙ መጠራቱ ነው። «ሰሞኑን»፣ «ሁኔታው ሲመቻች»፣ «ትንሽ ቆይተህ» የሚሉት ቃላት ለሰሚው እንደተመቸው የሚተረጎሙ ናቸው፤ እሱም ሥራ እስካገኝ ማለታቸው ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል። ሥራ ማግኘቱ ደግሞ በእሱም በእናንተም እጅ አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ እህቴ። የእናትሽን መምጣት ሰበብ ማድረግ ለምን እንደማይበጅ ላስረዳሽ። እናትሽ ሳይመጡ ቢቀሩ ውሸቱ ይታወቃል፤ ማርቆስ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ቢመጡም «እናቴ ሄደች» የሚል ዜና በሰማ በሳምንቱ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜስ ምን ትያለሽ? ከሁሉ በላይ ደግሞ የተፈጠረ ሰበብ ሦስታችሁን ለየብቻ ያቆማል፤ አንቺ የምታውቂው ባለቤትሽ የማያውቀው፣ ባለቤትሽ የሚያውቀው ሚዜው የማያውቀው ነገር በቤቱ ውስጥ ይገባል። ሽሙጥና አግቦም እንዲሁ ናቸው። ሳህን ማንኳኳት፣ ወጡን ማሳጠር፣ ቡናውን እሱ ሲወጣ ጠብቆ ማፍላት፣ በልጆች ወይም በጎረቤት አፍ «የኪራይ ቤት ርካሽ ሆኗል አሉ» ማስባል፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያዋርዳሉ። ፊት የነሡት እንግዳ ነገሩ ገብቶት ቢወጣ እንኳ ቂም ይዞ ነው የሚወጣው፤ የሚያስታውሰውም አምስቱን ወር ሙሉ ያበላሽውን ሳይሆን ያቺን የመጨረሻዋን ሳምንት ነው። እስከ መውጫው ቀን ድረስ ሦስቱም የቡና ዙር፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም፣ እንደ ወትሮው ይሁን።

መፍትሔውን ለብቻችሁ መሸከም እንደሌለባችሁም አስቡ። ጎጃም በዋሸራና በጎንጂ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ በደብረ ኤልያስና በሌሎቹም አድባራት ዙሪያ የማይቆጠር የቆሎ ተማሪ ያኖረ አገር ነው። ያ ሁሉ ተማሪ የኖረው አንድ ቤት አቅፎት አይደለም። የራሱን ጎጆ ቀልሶ እያደረ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከየደጁ ቁራሽ ያገኛል፤ ዛሬ ከዚህ ቤት፣ ነገ ከዚያ ቤት። ሸክሙ ለብዙ ቤት ስለተከፋፈለ ማንንም ሳይሰብር ዘመናትን አልፏል። የባለቤትሽ ሚዜ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎቹም የዚሁ ልጅ አብሮ አደጎች ናቸው። አንዱ ላጤ ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት ክፍሉን ሊያጋራው ይችላል፤ ሌላው ከሚሠራበት አካባቢ ጊዜያዊ ሥራ ሊያፈላልግለት ይችላል፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ የአንድ ክፍል ቤት የመጀመሪያ ኪራይ ከአቅማቸው በላይ አይሆንም። የዩኒቨርሲቲ ከተማ በመሆኗም ለተማሪ የሚከራዩ አነስተኛ ክፍሎች በማርቆስ አሉ፤ በክረምት ተማሪው ሲበተን ደግሞ የሚለቀቅ ክፍል አይጠፋም። የሞጣና የአካባቢው ልጆች በከተማው ውስጥ ማኅበር ካላቸው እነሱም ይጠየቁ።

ሁለት ነገሮች ግን ቀኑን ሊያራዝሙት ይገባል። ልጁ ታሞ ከሆነ፣ እስኪድን ይቆያል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ወደ ቤተሰቦቹ መመለስ ከመረጠና መንገዱ ካልተከፈተም እንዲሁ። በክልላችን መኪና ለቀናት የሚቆምባቸው ጊዜያት እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀን ቆርጠናል ተብሎ ወንድምን ወደማያስተማምን መንገድ መግፋት አይገባም። ያም ሆኖ መንገድ መዘጋቱ ከማርቆስ ውጪ መሄድን እንጂ ማርቆስ ውስጥ ሌላ ክፍል መከራየትን አያግድም።

እስከ ሐምሌ ድረስ ያሉትን ሳምንታትም ዝም ብለሽ አትጠብቂያቸው። ለአከራያችሁ ነግራችሁ በመጋረጃው ቦታ ቀለል ያለ በር አስገጥሙ፤ ርካሽ ጣውላ ይበቃል፤ እንግዳው ከሄደ በኋላም ይጠቅማችኋል። የፍራሹን ቦታ ከመውጫው በር ወደ ሌላኛው ጥግ አዛውሩት፤ በራስጌው ማለፍሽ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ቤት በምትሆኚባቸው ሰዓታት እንግዳው ወደ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ሥራ ፍለጋው እንዲሄድ ባለቤትሽ ይንገረው፤ ይህን ሲሰማ አይከፋም፤ ምናልባትም ራሱ ሲያስበው የነበረ ነገር ነው። ውኃሽንም ጠጪ፤ ሽንት የመያዝና ውኃ የመተው ልማድ ኩላሊትንና የሽንት ቧንቧን ይጎዳል፤ ሕመም ተሰምቶሽ ከሆነ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሂጂ እንጂ በይሉኝታ አትቆዪ።

ይህ ሁሉ ተነግሮት ባለቤትሽ አሁንም «አልችልም» ቢልስ? ወደ ወላጆችሽ አትሩጪ። አባትሽ ወይም ወንድሞችሽ የሰሙ ዕለት ጉዳዩ የአንድ ክፍል ቤት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሁለት ቤተሰብ ክብር ጉዳይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም በቀላሉ አይመልሰውም። መጀመሪያ ሁለተኛውን ሚዜ አነጋግሪ፤ ለባለቤትሽም ለእንግዳውም እኩል ወንድም ነውና መካከል ገብቶ መናገር ያውቅበታል። ያ ካልሆነ የንስሐ አባታችሁን ሁለታችሁም በተገኛችሁበት አማክሩ። የንስሐ አባት ቃል ለባለቤትሽ መውጫ መንገድ ይሆነዋል፤ «አባ አዘውኝ» ብሎ ለጓደኛው መናገር ይቀለው ይሆናል፤ እኔ ግን «እኛ ወሰንን» ቢል እመርጣለሁ።

በደብዳቤሽ ግርጌ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ቀርቷል፤ የልጁ እናት ለሠርጋችሁ ማርና ቅቤ የላኩ፣ ባለቤትሽን እንደ ልጃቸው የሚያዩ ሴት ስለሆኑ «ልጄን አባረሩት» ብለው እንዳይቀየሙ ትፈሪያለሽ። ይህም በባለቤትሽ እጅ ነው። ልጁ ክፍሉን በያዘበት ዕለት፣ ወሬው በሌላ ሰው አፍ ከመድረሱ በፊት፣ ባለቤትሽ ራሱ ስልክ ይደውልላቸው፤ ከተቻለም ልጁ አጠገቡ ሆኖ። «እማዬ፣ ወንድሜን እዚሁ ከእኛ አጠገብ ክፍል ይዘንለታል፤ ኪራዩን ለጊዜው እኛ ወንድሞቹ እንችላለን፤ እሑድ እሑድ ምሳውን እኛ ጋ ነው የሚበላው፤ ሥራውንም አብረን እየፈለግን ነው» ይበላቸው። ከዚያ ስልኩን ለአንቺ ይስጥሽ፤ አንቺም ስለ ማሩና ስለ ቅቤው አመስግኛቸው፣ ክረምቱ ሲወጣ ለመስቀል መጥተው እንዲጠይቋችሁም ጋብዣቸው።